ሳምባዬን የጨረሰው ሳምባ

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ድረሱልኝ። ሐዋሳ ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ስርዓት) ጭኜ የቤት ሰርቨር አደረግኩት። የልጆቹ ፎቶና የባለቤቴ የሥራ ፋይል አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው። ለዚህ ሳምባን (Samba፣ የሊኑክስ ፎልደር ከዊንዶውስ እንዲከፈት የሚያጋራ ፕሮግራም) ጫንኩ። ስሙን ያወጣለት ሰው አማርኛ ይችላል ልበል? እውነትም ሳምባዬን ነው ያደረቀው።

በባለቤቴ አካውንት ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ስገባ ፎልደሩ ይታያል። ልክፈተው ስል ግን ፈቃድ የለህም ይለኛል። የሳምባ የይለፍ ቃል ከሊኑክሱ የተለየ መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት፤ እሱንም ሞላሁ። ፋየርዎሉ ላይ ሳምባ የሚጠቀምበትን ፖርት 445 ከፈትኩ። የሳምባን ቅንብር የሚፈትሸው ቴስትፓርም (testparm) ምንም ስህተት አያሳይም። ሲብስብኝ ፎልደሩን 777፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ፣ አደረግኩት (አትቆጡኝ)፤ ወይ ፍንክች!

የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ፎልደሩ ያለው በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS፣ የዊንዶውስ የዲስክ ፎርማት) ነው፤ ስሰካው በራሱ ሚዲያ (/media) በሚባለው ፎልደር ውስጥ በኔ ስም ሥር ይከፈታል። በሰርቨሩ ዋና ዲስክ ላይ የሞከርኩት ፎልደር ግን ለእሷም ይሠራል።

ኤፍኤስታብ (fstab፣ ዲስኮች የትና እንዴት እንደሚከፈቱ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ወይስ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ወደ ኤክስት4 (ext4፣ የሊኑክስ የዲስክ ፎርማት) ልቀይረው? 400 ጊጋ ፎቶ አለበት፤ ሌላ የማስቀምጥበት የለኝም። ትእዛዙን እንዳለ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።