«የሁለት ቀን ሥራ ነው» አለን

ቅመም፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፕሮግራማችን ላይ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ማስገባት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፉ ስክሪኑን እንደ መስታወት ገልብጦ መጨረስ ነው።» አለቃችንም ራሱን ነቀነቀ። ፕሮግራሙ የዴስክቶፕ ሒሳብ ነው፣ ደንበኞቹ ዱባይ ናቸው። ደሜ ፈላ!

የቦሌው፦ ምኑ ተሳሳተ? ፕሮግራሙ በተሠራበት መሣሪያ፣ በኪዩት (Qt)፣ አንድ መስመር ኮድ ነው። አቅጣጫውን ትነግረዋለህ፣ ሜኑውም ቁልፉም በራሱ ይዞራል።

ቅመም፦ በራሱ የሚዞረው በሌይአውት፣ ማለትም ቦታውን ኪዩት ራሱ እንዲያሰላ ተትቶ፣ የተደረደረው ነው። የኛ ፎርም ግማሹ በፒክስል ተለክቶ አንድ ቦታ ላይ የተቸነከረ ነው። እሱን ማን ያዞረዋል፣ ጎረቤትህ?

የናታንያዋ፦ «እንደ መስታወት» ያለውን ሰውዬ እዚህ አምጡልኝ። ሰዓቱም ወደ ኋላ ይዙር? «ተመለስ» የሚለው ቀስት ይገለበጣል፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ግን አይነካም። ቁጥርም በሁለቱም ቋንቋ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ለእናቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣላት። ስልኳ ክፍት ቦታ እየተተወ ነው የተጻፈው። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ግራ ጫፍ ላይ ሄደዋል፣ መጀመሪያ ላይ መሆን ያለበት የእስራኤል ኮድ 972 ከነመደመር ምልክቱ ቀኝ ጫፍ ላይ። «የማን ስልክ ነው ልጄ?» አለችኝ።

የቦሌው፦ እሱ የዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚጻፉበት ደረጃ፣ ጣጣ ነው። ለዚያ ብሎ አልጎሪዝም፣ የትኛው ጽሑፍ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ የሚወስን ሕግ፣ አለው።

የናታንያዋ፦ አልጎሪዝሙ እኮ ነው እንዲያ ያደረገው! ሕጉን ተከትሎ። ስልክ ቁጥር መሆኑን ካልነገርከው ከየት ያውቃል? አንዱን ጽሑፍ ከሌላው የሚነጥሉት ምልክቶች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ከዩኒኮድ 6.3 ጋር መጥተዋል። በሁለት ቀንህ ውስጥ ቆጥረሃቸዋል?

የቦሌው፦ እሺ፣ አራት ቀን።

ባቲ፦ ሃሃ፣ መርካቶ አደረጋችሁት።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆች፣ ግዕዝ ራሱ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አሁንም ስንቱ ፕሮግራም ፊደላችንን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያሳያል። መጀመሪያ የኛን አስተካክሉ።

ባቲ፦ «የኛ» ማለት የማን ነው ጋሼ? ወሎና ሐረር በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አጀሚ አለ። የወሎው አማርኛ ነው፣ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ።

ጋሽ ታዛቢ፦ የእጅ ጽሑፍ ሌላ፣ ሶፍትዌር ሌላ።

ባቲ፦ ኢዛናም አክሱም ድንጋዩ ላይ ግዕዙን በሳባ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ አስጽፎታል። እሱስ የማን ነው?

የቦሌው፦ ኢዛና ዴድላይን አልነበረበትም።

ቅመም፦ ወደ ሥራችን። ዛሬ ገልብጬ ሞከርኩት። የአንዱ ደንበኛ ስም በእንግሊዝኛ ነው፣ በነጥብ ያልቃል። ነጥቡ ዘሎ ከስሙ ፊት ተቀመጠ። ደረሰኙም እንደዚያው ታተመ።

የቦሌው፦ አንዲት ነጥብ ማን ያያል?

ቅመም፦ ስሙ የሆነው ሰውዬ።

የቦሌው፦ አታካብዱ። እኔ አሁንም ሁለት ቀን ነው የምለው። አንቺ የናታንያዋ፣ የእናትሽን ቁጥር በውስጥ ላኪልኝና ልሞክረው።

የናታንያዋ፦ ከየትኛው ጫፍ ልጀምርልህ?