ጠዋት ማጭድ የነበረው ሴል ከሰዓት የት ገባ?

የቡሬው፦ ሰላም የላቦራቶሪ ሰዎች። ቡሬ አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ማክሰኞ ከቆላ የ9 ዓመት ልጅ መጣ። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እጅ እግሩን ይቆረጥመዋል። ወባ አየሁለት፣ የለም። ሐኪሟ ሲክል ሴል ጠረጠረች፤ ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ የሚጣመምበት የዘር በሽታ ነው። ከደም ሥሩ በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር) ባለው ቱቦ ቀዳሁና ወዲያው አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አየሁ። ብዙው ሴል ጥርት ያለ ማጭድ! ሐኪሟ ግን ወረፋ ይዟት የመጣችው ከሰዓት ነው። ቱቦውን ከፍቼ፣ መልሼ ዘግቼ ደጋግሜ አገላብጬ አዲስ ጠብታ ባይ ሁለት ሦስት ማጭድ ብቻ። ሌላው ድቡልቡል። «ይሄን ልታሳየኝ ነው?» አለችኝ። አፈርኩ። የቀረውን በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ላክን። ገቢና ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ «ሄሞላይዝ አድርጓል»፣ ማለትም ሴሉ ፈንድቷል ተብሎ ተመለሰ። ምን አጠፋሁ?

ጋሼ ማይክሮስኮፕ፦ ልጄ፣ ዓይንህ አልዋሸህም። የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን (በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ኦክስጅን ሲያጣ እርስ በርሱ ይያያዝና ሴሉን ያጣምመዋል። ቱቦውን ከፍተህ ስታገላብጥ አየር አገኘ፣ ብዙው ተመልሶ ክብ ሆነ። የቀሩት መመለስ ያቃታቸው ናቸው። አንተው ኦክስጅኑን ንጠቀው እንጂ! 0.2 ግራም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጥ። የዕለቱን ብቻ፤ የትናንቱ ኃይሉ ያልቃል። ስላይድ ላይ ከደሙ ጋር ቀላቅለህ በመሸፈኛ መስታወት ከሸፈንክ በኋላ ጠርዙን በቫዝሊን ወይም በጥፍር ቀለም ድፈን። ክፍት ከተውከው ኔጋቲቭ ይልሃል። ቶሎ ካልታየም እስከ 24 ሰዓት እየደጋገምክ እይ።

የዳንግላዋ፦ ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው፣ ይህ ምርመራ ተሸካሚውንም ታማሚውንም አንድ ላይ ፖዘቲቭ ይላል። የሚለየው ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ማለትም ሄሞግሎቢኑን በኤሌክትሪክ በዓይነቱ የሚለየው ምርመራ ነው። ለዚያ ደሙን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይዘህ ላክ። በረዶው ግን ቱቦውን እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልለው፤ ደሙ ረግቶ በረዶ ከሆነ ሴሉ ይፈነዳል። ቱቦውንም እስከ መስመሩ ሙላው። ደም ሲያንስ ኢዲቲኤው ይበዛና ሴሉ ይጨማደዳል፣ እሱን ማጭድ ነው ብሎ የሚጽፍ አይቻለሁ። ደግሞ ልጁ በቅርቡ ደም ተሰጥቶት እንደሆነ ጠይቅ፤ ከተሰጠው የለጋሹንም ሄሞግሎቢን ነው የምትለካው።

የቡሬው፦ ደም አልተሰጠውም፣ አባቱን ጠየቅሁ። ዛሬ እንደገና ቀዳሁለት። ጥፍር ቀለም ከካርድ ክፍሏ ልጅ ለመንኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስላይዱ ማጭድ በማጭድ ሆነ። ሐኪሟን ሮጬ ጠራኋት፣ አየች። ሁለተኛው ቱቦ በቫክሲን ሳጥን ተጠቅልሎ ሄዷል። እኔ ግን አውራ ጣቴ ደማቅ ቀይ ሆኖ ቀረ፤ ምንድነው የሚያስለቅቀው?