ተከታታይ ልብወለዴን የት ላውጣው?

አጫጭር ልብወለዶችና በየክፍሉ የምጽፈው አንድ ረጅም ታሪክ አለኝ። ሁሉም በዎርድ ፋይል ተቀምጠዋል። ገንዘቡ ለጊዜው አያሳስበኝም፤ የምፈልገው አንባቢ ነው።

መጀመሪያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፍኩ። ላይክ አላጣሁም። ግን ጽሑፉ ወዲያው ይቀበራል፤ ክፍል አምስትን ያገኘ ሰው ክፍል አንድን ቢፈልግ አያገኘውም። ከዚያ ወደ አንድ ነጻ የብሎግ አገልግሎት ዞርኩ። እሱ ደግሞ ተዘጋ። ጽሑፎቹ ኮምፒውተሬ ላይ ስለነበሩ ተረፉ፤ ሊንኮቹና የአንባቢዎች አስተያየት ግን አብረው ጠፉ። እውነቱን ለመናገር የቆጨኝ አስተያየቱ ነው።

አሁን የኢሜይል ጋዜጣ አገልግሎቱ ሰብስታክና የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ መሃል ቆሜያለሁ። ሰብስታክ አዲስ ክፍል ሲወጣ በቀጥታ ለአንባቢው ኢሜይል ይልካል። የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝርም አውርዶ መውሰድ ይቻላል። ከሚከፍሉ ተመዝጋቢዎች ገቢ 10 በመቶ ይቆርጣል፤ በነጻ ለሚያስነብብ ግን ምንም አይጠይቅም። ብቻ ገጹ አዲሱን ከላይ አሮጌውን ከታች ስለሚደረድር፣ ያው የድሮው ችግር እንዳይደገም እፈራለሁ።

ዎርድፕረስ ላይ ማውጫ ሠርቼ ክፍሎቹን በፈለግኩት ቅደም ተከተል መደርደር እችላለሁ። የራሴን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ካያያዝኩበት ደግሞ ነገ ሌላ ቦታ ብሄድም አድራሻው አብሮኝ ይሄዳል። ዶሜይኑ ግን በየዓመቱ ይከፈልበታል። ዎርድፕረስን በራሴ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር) ከጫንኩት ማዘመኑም ባክአፑም የኔ ራስ ምታት ነው፤ ያን ጊዜ ብጽፍበት ይሻለኛል።

ተከታታይ ልብወለድ በሁለቱም ያስነበባችሁ ካላችሁ፣ መሃል ላይ የመጣ አዲስ አንባቢ ሳይቸገር ከክፍል አንድ እንዲጀምር የትኛው ይሻላል?