የእናቴ እብጠት ጠፋ፣ የቢ-ኤን-ፒ ቁጥራቸው ግን ጨመረ

ፒያሳ አብረውኝ የሚኖሩት የ67 ዓመት እናቴ የልብ ድካም አለባቸው። ከሦስት ወር በፊት ሳኩቢትሪልና ቫልሳርታን በአንድ ላይ የያዘ እንክብል ሲታዘዝላቸው፣ የልብ ድካም ሲባባስ በደም ውስጥ የሚጨምረው ቢ-ኤን-ፒ 410 ፒኮግራም በሚሊሊትር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በዚያው ላቦራቶሪ 560 ሆነ። እርሳቸው ግን ተሽሏቸዋል፤ ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይቀር የነበረው ጥልቅ ምልክት ጠፍቷል፣ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውንም ዳገት ሳያርፉ ይወጣሉ።

ቢ-ኤን-ፒ የልብ ጡንቻ ሲወጠር ራሱ ልብ የሚያመነጨው፣ ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣና የደም ሥሮች እንዲሰፉ በማድረግ የልብን ሸክም የሚያቀል ፔፕታይድ (ትንሽ ፕሮቲን መሰል ንጥረ ነገር) ነው። ሳኩቢትሪል ይህን ፔፕታይድ የሚሰባብረውን ኔፕሪላይሲን የተባለ ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ቁጥሩ የጨመረው ልባቸው ደክሞ ሳይሆን በመድኃኒቱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተረድቻለሁ። ስለዚህ ከቢ-ኤን-ፒ ጋር አብሮ ከልብ የሚወጣውን፣ ኔፕሪላይሲን ግን የማይነካውን ኤን-ቲ-ፕሮ-ቢ-ኤን-ፒ በሌላ ላቦራቶሪ አስለካሁላቸው፤ 1,450 ሆነ። ይህ ምርመራ ግን ከመድኃኒቱ በፊት ስላልተሠራ የማነጻጽርበት መነሻ የለኝም፤ ከቢ-ኤን-ፒው ጋርም በቀጥታ አይነጻጸርም። መድኃኒቱን አላቋረጥንም፤ የሐኪም ቀጠሯቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

የልብ ሕክምና የምታውቁ ሁሉ፣ ይህን 1,450 እንደ መነሻ ወስደን መሻላቸውን ወይም መባባሳቸውን ለመለየት ምርመራው ከስንት ሳምንት በኋላ ቢደገም ይሻላል?