የድሮ የቤት ስልክ ለምትፈልጉ፦ የቱ ይጮኻል?

እኛ ቤት ጥቁሩ ስልክ ኮሜዲኖ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚቀመጠው። አባቴ ቁጥር ማዞሪያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ቆልፎበት ይወጣል። እኛ ደግሞ እጀታው የሚያርፍባትን መጫኛ ቶሎ ቶሎ መታ መታ እያደረግን እንደውላለን። ለ3 ሦስቴ፣ ለ0 አሥር ጊዜ። የአዲስ አበባ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. 7 አሃዝ ከመሆኑ በፊት 6 ስለነበር አይከብድም። ጎረቤት ቤት ደግሞ አክስታቸው ከጅዳ ያመጡላቸው የመኪና ቅርጽ ያለው ቀይ ስልክ ነበር። ሲጠራ የፊት መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። እሱን ለማየት ስንል ሰው እስኪደውልላቸው በራቸው ላይ ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር።

ሰሞኑን ሁለቱንም ፍለጋ ስዞር ከረምኩ።

ቸርችል ጎዳና ባሉት የቅርሳቅርስ ሱቆች ያየኋቸው ያምራሉ፣ ተወልውለዋል። ግን ለጌጥ ነው። አንዱን አንስቼ ብነቀንቀው ባዶ ቀፎ ነው። ሳሎን ለማሳመር ከሆነ ግዙ፤ ድምፁን ለናፈቀ ግን አይሆንም።

እኔ የምመክረው ምናለሽ ተራን ነው። አቧራውን አትፍሩ። ከባዱን ምረጡና ነቅንቁት፤ ውስጡ ጭል ካለ ደወሉ አለ ማለት ነው። ከዚያ ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች አስፈቱ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የብረት ደወሎች፣ መሀላቸው ትንሽ መዶሻ፣ አጠገቡ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ጥቅል ታያላችሁ። እነዚህ ካሉ አትለፉት። የገመዱ መበጠስ አያሳስባችሁ፣ ሬዲዮ ሠሪ ይቀጥለዋል። የእኔን ሰፈር ያለ ሠሪ በአንድ ከሰዓት ጨረሰልኝ።

ሲም ካርድ የሚገባባቸው፣ ድሮ መሰል አዳዲስ ስልኮችም አሉ። መስመር ለሌለው ሰው ይጠቅማሉ። ግን ቀለል ይላሉ፣ ጥሪውም ከትንሽ ስፒከር ነው የሚወጣው። እኔን አላረኩኝም።

ከመግዛታችሁ በፊት መስመራችሁን እወቁ። በመዳብ ሽቦ የገባ መደበኛ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ነው፤ ለዚህ ነው ድሮ መብራት ሲጠፋ ስልኩ የሚሠራው። በፋይበር ከሆነ ግን ስልኩ የሚሰካው ፋይበሩ ቤት ውስጥ የሚገባበት ሳጥን (ሞደም) ላይ ነው። ማዞሪያው ቁጥር የሚልከው መስመሩን እየቆራረጠ ስለሆነ፣ ይህን የማይረዱ ሳጥኖች አሉ። ይጠራላችኋል፣ ታወራላችሁ፣ መደወል ግን አትችሉም። ባለ ቁልፎቹ፣ ማለትም የመኪናና የኳስ ቅርጽ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ከሥራቸው ቲ (ቁጥሩን በድምፅ የሚልክ) እና ፒ (እንደ ማዞሪያው እየቆራረጠ የሚልክ) የሚል ማዛወሪያ አላቸው። ቲ ላይ አድርጉት።

የእኔ ባለፈው ቅዳሜ ጮኸ። እናቴ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጥታ፣ እኔን አልፋ ሄዳ አነሳችው።

ቀዩን መኪና ግን እስካሁን አላገኘሁም። መብራቱ የሚሠራ ያየ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።