ለእርጉዝ እህቴ ባለ ጥለት ቀሚስ፦ ሆዷ ላይ እንዳይሰቀል ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እህት ለእህት)
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ታችኛው ጠርዙ ጥለት ያለው ነጭ የሽመና ጨርቅ አለኝ። እስክትወልድ የምትለብሰው፣ በኋላም ለክርስትናው እያጠባች የምትለብሰው ቀሚስ ልሰፋላት ነው። መኪናዬ የእግር ነው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ይሰፋል። የጂንስ ሱሪዋንም ላሰፋላት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ (ባለ ጥለት)
እንኳን ማርያም ማረቻት የምንልበት ቀን ያድርሰን። ከመቁረጥሽ በፊት ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ እጠቢውና አድርቂው። ነጩ ጥጥና የጥለቱ ክር እኩል ላይሰበሰቡ ይችላሉ፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ ጠርዙ ይጨማደዳል። የጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነም ያኔውኑ ታያለሽ።

ዋናው ነገር ርዝመቱ ነው። ሆድ ጨርቁን ወደ ፊት ስለሚገፋው ከጡት ሥር እስከ እግር ያለው መንገድ ይረዝማል፤ ቀሚሱ ፊት ለፊት የሚሰቀለው ለዚህ ነው። ተራ ጨርቅ ቢሆን ከታች ጎበጥ አድርገሽ ትጨምሪለት ነበር። ጥለት ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አይጎብጥም። ስለዚህ ቀሚሱን ከጡት ሥር በሚገጣጠሙ በሁለት ክፍሎች፣ በላይኛ ክፍልና በጉርድ ለይተሽ ቁረጪው፤ ትርፉንም ከጉርዱ ላይኛ ጠርዝ ስጪው። ከጡቷ ሥር ዙሪያውን ክር እሰሪላት። ከክሩ ጀምረሽ በሆዷ ላይ አሳልፈሽ እስከ ወለል ለኪ፤ በጎኗም እንዲሁ። የሁለቱ ልዩነት ላይ ለሚቀጥሉት ወራት 3 ሳ.ሜ. ጨምሪ። የጉርዱ የፊት ክፍል ላይኛ ጠርዝ መሃሉ በዚህ መጠን ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ስፌቶቹ እየወረደ ዜሮ ላይ ይለቅ።

የጉርዱ ስፋት ከላይኛው ክፍል አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል፤ የሽመና ጨርቅ ወፍራም ስለሆነ ሁለት እጥፍ ካደረግሽው ከጡቷ ሥር ይቆለላል። ሽንሽኑን በጣም በረጅም ስፌት ሁለት ተርታ ሰፍተሽ የሁለቱንም ተርታ የታች ክሮች (ከቦቢኑ የሚመጡትን) አንድ ላይ ሳቢ። በአንድ ተርታ ከተሳበ ሽንሽኑ ይዞራል። አብዛኛውን መሃል ላይ ሰብስቢ፣ ጎኑን ተይው።

መልስ (ገበርና ጠርዝ)
በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ላይኛው ክፍል ልጨምር። ጡትም ስለሚያድግ ዛሬ በለካሽው ልክ አትቁረጪ። ደረቱ ዙሪያ 8 ሳ.ሜ. ያህል ትርፍ ስጪ፣ መጋጠሚያው ከጡት 2 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ ጡቱ ላይ ይወጣና ይቆርጣታል። ከሁለቱ ጎን ስፌቶች ወደ ኋላ የሚታሰር መቀነት ብታወጪለት እንደ ልኳ ታጠብቃለች፣ ታላላለች።

የሽመና ጨርቅ ጫፉ በቶሎ ይተረተራል። ዚግዛግ ስለሌለሽ የጎን ስፌቶቹን በድርብ ስሪው፦ መጀመሪያ የውጩን ገጽ ወደ ውጭ አድርገሽ በ6 ሚ.ሜ. ስፊ፣ ጫፉን ከርክሚ፣ ገልብጪና በ1 ሳ.ሜ. ድገሚው። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ይቀበራል። ሽንሽኑ ያለበት መጋጠሚያ ላይ ግን ይህን አትሞክሪ፣ ይወፍራል፤ በስስ ጨርቅ ቅዳጅ ሸፍኚው።

ጥያቄ (እህት ለእህት)
ተባረኩልኝ። ለማጥባትስ የት ልክፈተው? ከወሊድ በኋላስ የፊቱ ትርፍ አይንጠለጠልም?

መልስ (ባለ ጥለት)
ይንጠለጠላል። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ያለውን የፊት ትርፍ አሁን በልኩ ስፊው፤ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ ጊዜ አለሽ። ከወለደች በኋላ የፊቱን መጋጠሚያ ብቻ ፍቺ፣ ጉርዱን ወደ ላይ ስበሽ ጥለቱ ከወለል እኩል ሲሆን መልሰሽ ስፊ፣ የተረፈውንም ያኔ ቁረጪ።

መክፈቻው ደረቷ መሃል ላይ ከአንገቷ ጀምሮ 25 ሳ.ሜ. ይሁን፣ ዚፕ ግቢበት። ቁመቱን የሚሸፍን ቀጭን ጥለት በአንድ ጎኑ ብቻ ስፊበት፤ ሌላው ጎን በድብቅ ቁልፍ ይያዝ። ዚፑ አይታይም፣ ሕፃኑንም አይቧጭረውም።

መልስ (የሰፊ ቤት)
ስለ ጂንሱ፦ በቀጥታ ስፌት የሚሳብ ጨርቅ ከሰፋሽ፣ ስትቀመጥ ክሩ ይበጠሳል። የወገቡን ቀበቶና ዚፑን ቁረጪና ለሆዱ የሚሆን የጀርሲ (እንደ ካናቴራ የሚሳብ) ጨርቅ አዘጋጂ። የሚሳብበት አቅጣጫ በወገቧ ዙሪያ ይሁን፣ ልኩም ከሆዷ ዙሪያ በአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ይነስ፤ ካልሆነ ይወርዳል። በስፒል ያዢውና ኦቨርሎክ (ሲሳብ የማይበጠስ ስፌት የሚሰፋ መኪና) ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ጫፉ ድብልብል ያለ መርፌ እንዲጠቀምልሽ ንገሪው፤ ሹል መርፌ ጀርሲ ላይ ስፌት ይዘላል፣ የጨርቁንም ክር ይቆርጠዋል።