በግራንድ ቴቶን ተራሮች ለምናደርገው የአንድ ቀን ጉዞ ምክር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት ከዴንቨር በመኪና ተነስተን፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ወደሚገኘው ግራንድ ቴቶን ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አቅደናል። ሐሳባችን ከስትሪንግ ሐይቅ ተነስቶ በፔይንትብረሽ ሸለቆ ሽቅብ የሚወጣውን፣ 3,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የተራራ ማለፊያ ተሻግሮ በሶሊቱድ ሐይቅና በካስኬድ ሸለቆ በኩል ወደ መነሻው የሚመለሰውን፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በአንድ ቀን መጨረስ ነው። ከፍታው ብዙም አያሳስበንም፤ ሁለታችንም ደባርቅ ያደግን ነን። ያስቸገረን በረዶውና ድቡ ነው።

በማለፊያው ላይ ያለው በረዶ በዚያ ሳምንት ሳይቀልጥ ሊቆይ ስለሚችል የበረዶ መጥረቢያ (በረዷማ ተዳፋት ላይ ላለመንሸራተት የሚያዝ መሣሪያ) ሊያስፈልግ እንደሚችል አንብቤአለሁ፤ እኛ ግን በመጥረቢያው ተጠቅመን አናውቅም። ቀጥ ያለውን በረዷማ ተዳፋት ከመውረድ መውጣት ይሻላል ብዬ ከፔይንትብረሽ በኩል መጀመርን መርጫለሁ፤ ተሳስቼ ይሆን?

ሁለተኛው ጭንቀቴ የመነሻ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሚመጣው መብረቅ ቀድመን ማለፊያውን ለመሻገር ከንጋቱ 10 ሰዓት መነሳት አለብን፤ ነገር ግን ጥቁር ድብና ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ድብ የሚያርቀውን የበርበሬ ስፕሬይ በወገባችን እንታጠቃለን፣ እየተነጋገርንም እንሄዳለን፤ ሆኖም ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆንን፣ በጨለማ ቁጥቋጦ መሐል ማለፉን ልቤ አልወደደውም። መንገዱን የምታውቁ፣ እናንተ ብትሆኑ በስንት ሰዓት ትነሱ ነበር? ወይስ ወንድሜ ቢከፋም ማለፊያውን ትተን፣ ጄኒ ሐይቅን በጀልባ ተሻግረን እስከ ሶሊቱድ ደርሰን ብንመለስ ይበጀናል?